የጊታር ኦቨርድራይቭ ፔዳል በኤስኤምዲ ክፍሎች፣ አዳማ ላይ በሚገኝ መሣሪያ

አዳማ ላይ የጊታርን ድምፅ የሚያሻክረውን ኦቨርድራይቭ ፔዳል በእጁ ሊሠራ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባለ እግር ሬዚስተርና ካፓሲተር ሲያፈላልግ ይደክምና ሥራውን ይተወዋል። እግር ከሌላቸውና ቦርዱ ላይ ላዩን ከሚበየዱት ትንንሽ ክፍሎች፣ ማለትም ከኤስኤምዲ፣ መጀመር ይሻላል። በየሰፈሩ ያለ የሞባይል ጥገና ቤት ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ አለው፤ ሆት ኤር፣ ጫፉ ቀጭን መበየጃ፣ ሹል ወረንጦ፣ ጄል ፍለክስ፣ ሶልደር ዊክ፣ አንዳንዱ ጋ ማይክሮስኮፕም ጭምር። ጠጋኞቹ በየቀኑ የሚያነሱትና የሚያስቀምጡት ክፍል 0.6 በ0.3 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። እዚህ የምንጠቀምበት 0805 የሚባለው መጠን ግን 2 በ1.25 ሚሊሜትር ነው። ለነሱ ግዙፍ ነው፤ ጥሩ ብርሃንና ማጉሊያ መነጽር ላለው ጀማሪም ቢሆን የሚከብድ አይደለም።

የክፍሎቹ ማነስ ሰውን ያስፈራዋል እንጂ ፔዳሉን የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው። የተሳሳተ ዓይነት ካፓሲተር፣ ያልታጠበ ፍለክስ፣ ዋልታው የተገለበጠ አዳፕተር፣ ግራውንድ ያልተደረገ ሳጥን፦ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ እነሱ ላይ በርከት ያለ ቃል እናጠፋለን።

ሰርኪቱ

አሠራሩ የጃፓኑ አይባኔዝ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቲዩብ ስክሪመር በተባለው ፔዳሉ ያስተዋወቀው ዓይነት ነው። ሁለት ዳዮዶች ጀርባና ፊት ተገላብጠው በኦፕአምፑ (በማጉያው) ፊድባክ፣ ማለትም ከውጤቱ ወደ መግቢያው በሚመለሰው መንገድ፣ ላይ ይቀመጣሉ፤ ድምፁ 0.6 ቮልት ገደማ ሲደርስ ዳዮዶቹ ከፍተው ጫፉን ለስለስ አድርገው ይቆርጡታል። እዚህ ያለው የተቃለለ ነው። የመግቢያና የመውጫ ትራንዚስተሮቹ የሉም፤ ሁለት ኦፕአምፕ በአንድ ቤት የያዘው ቲኤል072 አይሲ ሥራውን ሁሉ ይሸፍናል።

የድምፁን መንገድ ከመግቢያው ተከተሉ። ከመግቢያ ጃኩ ወደ ግራውንድ 2.2 ሜጋ ኦም ይወርዳል። ከዚያ 22 ናኖፋራድ በተከታታይ ይገባና ወደ አይሲው 3ኛ እግር ይሄዳል። 3ኛው እግር በ1 ሜጋ ኦም ከግማሽ ቮልቴጅ መስመር (ከታች ሁለቱ 10 ኪሎ ኦም ከሚሠሩት) ጋር ይያያዛል። ከ1ኛው እግር ወደ 2ኛው የሚመለሱት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ 51 ኪሎ ኦም ከ500 ኪሎ ኦም የድራይቭ ፖቴንሽዮሜትር ጋር በተከታታይ፣ 47 ፒኮፋራድ፣ እና ተገላብጠው የተቀመጡት ሁለቱ ዳዮዶች። ሦስቱም ጎን ለጎን ናቸው። ከ2ኛው እግር ወደ ግራውንድ 4.7 ኪሎ ኦም እና 47 ናኖፋራድ በተከታታይ ይወርዳሉ።

ከ1ኛው እግር የሚወጣው ድምፅ በ1 ኪሎ ኦምና በ20 ኪሎ ኦም የቶን ፖቴንሽዮሜትር በኩል 5ኛው እግር ይደርሳል፤ ከ5ኛው እግር ወደ ግራውንድ 10 ናኖፋራድ አለ። 6ኛውና 7ኛው እግር ቀጥታ ይገናኛሉ። ከ7ኛው 470 ናኖፋራድ ይወጣና የ100 ኪሎ ኦሙን ቮልዩም ይነዳል። የቮልዩሙ መካከለኛ እግር ውጤቱ ነው።

ኃይሉ ደግሞ እንዲህ ነው። ከአዳፕተሩ ሾትኪ ዳዮድ፣ ቀጥሎ 47 ኦም፣ ከሱ በኋላ ወደ ግራውንድ 100 ማይክሮፋራድ። ከዚያ ሁለት 10 ኪሎ ኦም ቮልቴጁን ለሁለት ይከፍሉታል፤ መካከሉ ላይ ያለው 47 ማይክሮፋራድ ያረጋጋዋል። 100 ናኖፋራድ በ8ኛውና በ4ኛው እግር (በኃይልና በግራውንድ) መካከል፣ አይሲው ሥር ተጠግቶ ይቀመጣል። ኤልኢዲው በ4.7 ኪሎ ኦም ከ47 ኦሙ በፊት ካለው ነጥብ ይወስዳል።

ቁጥሮቹ ለምን እንዲህ እንደሆኑ ማወቅ በኋላ ለመቀያየር ይጠቅማል። ድራይቩ ሲዘጋ ማጉያው 12 ጊዜ ገደማ፣ ሲከፈት ደግሞ 118 ጊዜ ያጎላል። 4.7 ኪሎ ኦሙና 47 ናኖፋራዱ ከ720 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ሙሉውን ጉልበት እንዳያገኝ ያደርጋሉ። የጊታሩ ወፍራም ክር 82 ኸርዝ ላይ ነው፤ ድራይቩ እስከ ጥግ ቢከፈት እንኳ ዳዮዶቹ ከመክፈታቸው በፊት እሱ የሚያገኘው ጉልበት ወደ 13 ጊዜ ብቻ ነው። ቤዙ ተንቦራጭቆ መሃሉን የማይውጠው በዚህ ነው። 47 ፒኮፋራዱ ከላይ ከ6 ኪሎኸርዝ ወዲያ ያለውን ጩኸት ይሸርፋል። ቶኑ ደግሞ ከ760 ኸርዝ እስከ 16 ኪሎኸርዝ ገደማ ይጓዛል።

ሲገዙ

ቦርዱ ላይ የሚሰፍሩት 21 ክፍሎች ናቸው። ሬዚስተር ዘጠኝ ነው፤ 2.2 ሜጋ፣ 1 ሜጋ፣ 51 ኪሎ፣ 1 ኪሎና 47 ኦም አንድ አንድ፣ 10 ኪሎ እና 4.7 ኪሎ ሁለት ሁለት። ካፓሲተር ስምንት፤ 47 ፒኮ፣ 10 ናኖ፣ 22 ናኖ፣ 47 ናኖ፣ 100 ናኖ፣ 470 ናኖ፣ 47 ማይክሮና 100 ማይክሮ። ሁለቱ ትልልቆቹ 25 ቮልት ይሁኑ። 1ኤን4148 በኤስኤምዲ መልኩ ሁለት፣ ኤስኤስ14 ሾትኪ አንድ፣ አይሲ አንድ። ከቦርዱ ውጭ ሦስቱ ፖቴንሽዮሜትሮች አሉ፤ ድራይቩና ቮልዩሙ ሎግ፣ ቶኑ ሊኒየር። ሁለት የ6.35 ሚሊሜትር ጃክ፣ ባለ 9 እግር የእግር ማብሪያ፣ የኃይል ሶኬትና ኤልኢዲም ያስፈልጋሉ።

ከአዲስ አበባ ስታስመጡም ሆነ ከውጭ ስታዝዙ ከእያንዳንዱ ሬዚስተርና ትንሽ ካፓሲተር ቢያንስ አሥር ውሰዱ፤ ዋጋው አያሳስብም፣ መጥፋቱ ግን የማይቀር ነው። 0402 የሚባለውን 1 በ0.5 ሚሊሜትር አትግዙ፤ ለዚህ ሥራ ምንም የሚጨምረው የለም። ከ0805 ውጭ መውሰድ ካስፈለገ ወደ 1206 ከፍ በሉ። 1206 በ0805 ንጣፍ (ክፍሉ በሚበየድበት መዳብ) ላይ በትንሹ ተጨናንቆም ቢሆን ይቀመጣል።

ሬዚስተሮቹ ጀርባቸው ላይ ቁጥር አለ። በሦስት አሃዝ 103 ማለት 10 ኪሎ፣ 472 ማለት 4.7 ኪሎ፣ 105 ማለት 1 ሜጋ ነው፤ የመጨረሻው አሃዝ የዜሮ ብዛት ነው። ሰውን የሚያሳስተው 470 ነው። ይህ 47 ኦም ነው፤ 470 ኦም የሚጻፈው 471 ተብሎ ነው። ባለ አራት አሃዙ 1002 ደግሞ 10 ኪሎ ነው። ሴራሚክ ካፓሲተሮች ላይ ግን ምንም አይጻፍም፤ ሁሉም ቡናማ ወይም ግራጫ ናቸው። ስለዚህ ከወረቀት ጥቅላቸው አታውጧቸው፤ ጥቅሉ ላይ ዋጋውን በእስክሪብቶ ጻፉና እየበየዳችሁ አንድ በአንድ ክፈቱ። ሁለት ካፓሲተር ጠረጴዛ ላይ ተቀላቀሉ ማለት ካፓሲታንስ የሚለካ ሜትር ከሌለ ሁለቱም ተጣሉ ማለት ነው።

አዲስ አይሲ ካልተገኘ የቆዩ ዲቪዲ ማጫወቻዎችና የዲሽ ሪሲቨሮች ቦርድ ላይ ፈልጉ። የድምፅ መውጫዎቹ አጠገብ ብዙ ጊዜ ባለ 8 እግር 4558 ይገኛል። የእግሮቹ አቀማመጥ ከቲኤል072 ጋር አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ቲዩብ ስክሪመርም የተሠራው በዚሁ 4558 ነው። 4558 ከገባ 1 ሜጋ ኦሙን ወደ 470 ኪሎ ኦም አውርዱት፤ የመግቢያ ከረንቱ ከቲኤል072 ይበልጣልና ትልቅ ሬዚስተር ላይ የግማሽ ቮልቴጁን ልክ ያዛባል። ለመንቀል ፍለክስ አድርጉ፣ ሆት ኤሩን 350 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ፣ አፉን በአይሲው ዙሪያ አሽከርክሩ። የብየዳው ሊድ ቀልጦ ሲያብረቀርቅ በወረንጦ ንካ ሲያደርጉት ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ካልተንቀሳቀሰ አትጎትቱ፣ የቦርዱን መዳብ ይዞ ይነሳል። አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። በነዚህ ዕቃዎች የኃይል ክፍል ውስጥ ያለው ትልቁ 400 ቮልት ካፓሲተር ገመዱ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ሊይዝ ስለሚችል በመልቲሜትር ሳትለኩት እጅ አታስገቡ።

ካፓሲተር ላይ የሚሠራው ስህተት

ኤስኤምዲ ፔዳል ይንጫጫል፣ ሳጥኑን ሲነኩት ጓ ይላል የሚል ቅሬታ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። የሴራሚክ ካፓሲተር ሁለት ዋና ቤተሰብ አለው። ሲ0ጂ ወይም ኤንፒኦ የሚባለው የተረጋጋ ነው፤ ቮልቴጅ ቢወጣም ቢወርድም ዋጋው አይናወጥም። ኤክስ7አር የሚባለው ደግሞ በትንሽ አካል ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን ቮልቴጅ ሲጫንበት ዋጋው ይቀንሳል፣ ሲመቱት ደግሞ ራሱ ቮልቴጅ ያመነጫል። ልክ እንደ ፒዞ ማይክሮፎን።

አሁን ሰርኪቱን ተመልከቱ። 3ኛው እግር ፊት ያለው 22 ናኖፋራድና ከ2ኛው እግር የሚወርደው 47 ናኖፋራድ የሚያመነጩት ማንኛውም ነገር እስከ 118 ጊዜ ይጎላል። እዚያ ኤክስ7አር ካስገባችሁ እግር ወለሉን ሲመታ፣ ማብሪያው ሲረገጥ፣ ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ድምፅ ሳጥኑን ሲያንቀጠቅጠው ሁሉም ተመልሶ በድምፅ ይሰማል። ሁለቱ ቦታዎች ሲ0ጂ መሆን አለባቸው። 47 ፒኮው ምንም ብትገዙ ሲ0ጂ ሆኖ ይመጣል፤ 10 ናኖውንም በሲ0ጂ ማግኘት ቀላል ነው። 47 ናኖ በሲ0ጂ ግን 0805 ላይ ላይገኝ ይችላል። ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው በ1206 መውሰድ ነው። ሁለተኛው 4.7 ኪሎ ኦሙን በ10 ኪሎ፣ 47 ናኖውን በ22 ናኖ መተካት ነው። የ720 ኸርዙ ድንበር ሳይነካ ይቆያል፤ ከፍተኛው ጉልበት ግን ከ118 ወደ 56 ይወርዳል። ባለ ሀምበከር (ጠንካራ ድምፅ የሚሰጥ ፒክአፕ ያለው) ጊታር ላለው ሰው ይህ በቂ ነው፤ እንዲያውም ደስ ይላል።

100 ናኖው ኃይል ማጣሪያ ስለሆነ ኤክስ7አር ይሁን፣ ምንም አይደለም። የመውጫው 470 ናኖ ከማጉያው በኋላ ነው፤ ኤክስ7አር ቢሆን ጉዳቱ ጥቂት ነው፣ ቦታ ካለ ግን ባለ እግር ፊልም ካፓሲተር ብታስገቡ እንመርጣለን።

ቦርዱ

ኪካድ የሚባለው ነፃ የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ስትነድፉ ለእጅ ብየዳ ተብለው ረዘም የተደረጉትን ንጣፎች ምረጡ፤ የመበየጃው ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ይኖራል። 45 በ35 ሚሊሜትር ቦርድ ሁሉንም ያለ መጨናነቅ ይይዛል። የመግቢያው ሽቦ በአንድ ጎን፣ የመውጫው በሌላኛው ጎን ይሁን። 118 ጊዜ የሚያጎላ ነገር መግቢያውና መውጫው ጎን ለጎን ከሄዱ ያፏጫል። ለ2ኛው እግር የሚሄደው መስመር ደግሞ በተቻለ መጠን አጭር ይሁን፤ ከቦርዱ ሁሉ ጆሮው የሰላ ነጥብ እሱ ነው።

ቤት ውስጥ ለሚያወጣ ሰው ኤስኤምዲ ትልቅ ዕረፍት አለው፤ ክፍሎቹ ከላይ ስለሚቀመጡ ከሽቦ ቀዳዳዎች በቀር መብሳት የለም። በሌዘር ፕሪንተር የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ አትሙ፣ መዳቡን በብረት ሱፍ አጽዱ፣ እንፋሎቱ በተዘጋ የልብስ ካውያ በመጨረሻው ሙቀት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ተጫኑ፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ወረቀቱን በጣት እያሻሻችሁ አንሱ፣ ከዚያ ትርፉን መዳብ በሚበላው ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ አስገቡት። መስመሮቹን ከግማሽ ሚሊሜትር አታሳንሱ። እዚህ ባለ እግር ክፍል የለመደ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ባለ እግር ቦርድ መዳቡ ከሥር ስለሆነ ሥዕሉ ሳይገለበጥ ይታተማል፤ ኤስኤምዲ ግን መዳቡ ከላይ ስለሆነ ሥዕሉ እንደ መስታወት ተገልብጦ መታተም አለበት። ከተረሳ ሬዚስተሮቹ ሁሉ ይገጥማሉ፤ አይሲው ግን እግሮቹ ተገላብጠው ቦርዱ ከንቱ ይሆናል። ፌሪክ ክሎራይዱን ወደ ልብስ ማጠቢያ ወይም ወደ ቦይ አትድፉ፤ ለብዙ ቦርድ ያገለግላል፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀምጡት።

መስመር ከመስመር ጋር ሲቋረጥ ሁለተኛ የመዳብ ገጽ አያስፈልግም። ጀርባው ላይ 0 ወይም 000 የተጻፈበት ዜሮ ኦም ሬዚስተር እንደ ድልድይ ይሻገራል፤ መስመሩ በሥሩ ያልፋል።

ብየዳው

የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም፤ ከተማው ዳርቻ ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። 0805 ሬዚስተር ክብደት የለውም። መስኮት ዝጉ፣ ቬንትሌተር አጥፉ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ወይም ጠርዙ ከፍ ያለ ትሪ አድርጉ። ጭሱ ግን መውጣት ስላለበት በየጥቂት ክፍሉ ቆም ብላችሁ ክፍሉን አናፍሱ።

ሊዱ 63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ የሆነውን 0.5 ሚሊሜትር ምረጡ፤ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። መበየጃው ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ይሁን። እርሳስ የሌለው ሊድ ከ217 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ለጀማሪ አንመክረውም። እርሳስ ያለውን ስትጠቀሙ ከሥራው በኋላ፣ በተለይ እንጀራ ሳትቆርሱ በፊት፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

መጀመሪያ አይሲው ይግባ፤ መሃል ላይ ስለሆነ በኋላ ዙሪያው ይጠባል። ነጥቡ ወይም የተሸረፈው ጎን 1ኛውን እግር ያሳያል። አንድ የጥግ ንጣፍ ላይ ጥቂት ሊድ አድርጉ፣ አይሲውን በወረንጦ ይዛችሁ ሊዱን እያቀለጣችሁ አስገቡ፣ ስምንቱም እግር በየንጣፉ መሃል መዋሉን አዩ፣ ካልሆነ እንደገና አቅልጡና አስተካክሉ። ሲስተካከል ተቃራኒውን ጥግ ብየዱ። ከዚያ ጄል ፍለክስ ሳትሰስቱ ቀቡና ቀሪዎቹን ጨርሱ። ሁለት እግር በሊድ ቢገናኝ አትደንግጡ፤ ፍለክስ ጨምሩ፣ ሶልደር ዊኩን ከላይ አስቀምጡና በመበየጃ ተጫኑት፣ ትርፉን ይጠጣዋል።

ሬዚስተርና ካፓሲተርም እንዲሁ ነው። በአንዱ ንጣፍ ላይ ሊድ፣ ክፍሉን በወረንጦ ወደ ቀለጠው ሊድ ማንሸራተት፣ መበየጃውን ማንሳት፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ሳይነቃነቅ መያዝ፣ ሌላውን ጫፍ መበየድ፣ ተመልሶ የመጀመሪያውን ማደስ። አንድ መጋጠሚያ ከ2 ሰከንድ በላይ አይፈልግም። ክፍሉ ሐውልት መስሎ በአንድ ጫፉ ከቆመ ከሁለቱ ንጣፎች አንዱ ቀድሞ ቀልጧል ማለት ነው፤ በሆት ኤር ሲሠራ ይህ ይበዛል። ሴራሚክ ካፓሲተርን በመበየጃ ጫፍ አትግፉ፣ ከተበየደ በኋላም ቦርዱን አታጣምሙ። ውስጡ በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ይሰነጠቅና አንዴ የሚሠራ አንዴ የማይሠራ፣ ወይም ጭራሹን የተገናኘ ክፍል ይሆናል።

የሊድ ፔስትና ሆት ኤር የሚመርጥ ሰው ፔስቱን ፍሪጅ ውስጥ ያኑረው፤ በአዳማ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ የዋለ ፔስት ይደርቅና ኳስ ኳስ እየሆነ ይቀራል። አየሩን ዝቅ አድርጉ፣ አለበለዚያ ክፍሎቹን ጠርጎ ይወስዳቸዋል።

ዳዮዶቹ ላይ መስመሩ ካቶዱን ያሳያል። ሁለቱ 1ኤን4148 መስመራቸው በተቃራኒ አቅጣጫ መሆን አለበት። ሲሊንደር የሚመስለውን የመስታወት ዓይነት አትግዙ፤ እየተንከባለለ ያስቸግራል፣ ጠፍጣፋው ይሻላል።

ሲያልቅ ቦርዱን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥርስ ብሩሽ እጠቡ። አይታጠብም የተባለ ፍለክስም ቢሆን እጠቡት። 3ኛው እግር ላይ ያለው ሬዚስተር 1 ሜጋ ኦም ነው፤ በግማሽ የተቃጠለ ፍለክስ ላይ አቧራና እርጥበት ሲጨመርበት ከዚህ ጋር የሚወዳደር የራሱ መንገድ ይሠራል፤ ድምፁም ይንኮሻኮሻል።

ኃይል ከመስጠት በፊትና በኋላ

ሳይሰካ በፊት በ8ኛውና በ4ኛው እግር መካከል መልቲሜትሩ ጢጥ እንዳይል አረጋግጡ። ከዚያ 9 ቮልት ስጡና ለኩ። 8ኛው እግር 8.6 ቮልት አካባቢ፣ 1ኛውና 7ኛው 4.3 አካባቢ፣ 4ኛው ዜሮ። 3ኛውን እግር አትለኩ። ገበያ ላይ የበዛው ቢጫው ዲቲ830 የራሱ መግቢያ 1 ሜጋ ኦም ስለሆነ የ1 ሜጋ ኦሙን ቮልቴጅ ለሁለት ይካፈለዋል፤ 2 ቮልት ገደማ ያሳያችሁና ደህናውን ቦርድ ተበላሽቷል ብላችሁ መንቀል ትጀምራላችሁ። 1ኛው እግር ላይ 4.3 ካለ 3ኛውም ደህና ነው።

1ኛው እግር ወደ 8 ወይም ወደ 1 ቮልት ከተጣበቀ የፊድባኩ መንገድ ተከፍቷል፤ የ1ኛውንና የ2ኛውን እግር መጋጠሚያ ተመልከቱ። ግማሽ ቮልቴጁ ራሱ ከሌለ ሁለቱን 10 ኪሎና 47 ማይክሮውን ተመልከቱ፤ የትልልቆቹ ካፓሲተሮች ዋልታም እዚህ ይታያል። በብረት ቆርቆሮው ኤስኤምዲ ካፓሲተር ላይ የጠቆረው ጎን ኔጌቲቩ ነው።

ድምፅ አለ፣ ግን ሻካራና ግማሽ ጎኑ የተሰበረ የሚመስል ከሆነ ሁለቱ ዳዮዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረዋል። ምንም ሳይሻክር ዝም ብሎ ከጎላ አንዱም አልተበየደም። ማብሪያውን ሲረግጡ ጧ የሚል ከሆነ 2.2 ሜጋ ኦሙ አልያዘም። ድራይቩ ሲከፈት ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ችግሩ ቦርዱ ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ ነው፤ የመግቢያውን ሽቦ ሽፋን ባለው ገመድ ቀይሩና ሽፋኑን በአንድ ጫፍ ብቻ ግራውንድ አድርጉ። የ50 ኸርዝ ወፍራም ጉምጉምታ ብዙ ጊዜ የግራውንድ መጥፋት ነው፤ ቀጠን ያለው የ100 ኸርዝ ዝዝታ ግን ከአዳፕተር ማጣሪያ ይመጣል።

አዳፕተርና ባትሪ

ብዙ ቤት ከተበላሸ ራውተር የተረፈ 9 ወይም 12 ቮልት አዳፕተር አለ። ሶኬቱ ልክ ሆኖ ይገባል፤ ፈተናውም ይኸው ነው። የራውተር አዳፕተር መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፣ የጊታር ፔዳል ልማድ ደግሞ መሃሉ ኔጌቲቭ። ኤስኤስ14 በተከታታይ የገባው ለዚህ ነው፤ ተገልብጦ ቢሰካ ዝም ይላል እንጂ አይቃጠልም። የአዳፕተሩን ሽቦ ቆርጣችሁ ገልብጡና ላዩ ላይ ጻፉበት። 12 ቮልቱም ይሠራል፤ አይሲው እስከ 36 ቮልት ይችላል፣ ካፓሲተሮቹም 25 ቮልት ናቸው። ርካሽ አዳፕተር ግን የሚያፏጭ ቀጭን ድምፅ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ 47 ኦሙን ወደ 100 ኦም፣ 100 ማይክሮውን ወደ 220 ከፍ ስታደርጉ ይቀንሳል። ከፓወር ባንክ 5 ቮልትን ወደ 9 የሚያሳድጉት ገመዶችም ይህንኑ ጠባይ አላቸው።

መብራት ለሚጠፋበት ምሽት የ9 ቮልት ባትሪ ቦታ ተዉ። ፔዳሉ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ይበላል፤ ከዚያ ውስጥ ሲሶው የኤልኢዲው ነው። የመግቢያ ጃኩን ስቴሪዮ አድርጉትና የባትሪውን ኔጌቲቭ መካከለኛው እግር ላይ እሰሩ፤ ገመዱ ሲነቀል ባትሪውም ይቋረጣል።

ሳጥኑ

1590ቢ የሚባለው የአልሙኒየም ሳጥን 112 በ60 በ31 ሚሊሜትር ነው። ካልተገኘ በር መስኮት የሚሠራ የአልሙኒየም ባለሙያ ከ1.5 ሚሊሜትር ላሜራ በዚህ ልክ አጥፎ ይሠራላችኋል። ፕላስቲክ ተዉ፤ የመብራት ጉምጉምታን የሚከለክለው በግራውንድ የታሰረ ብረት ብቻ ነው። የተቀባ ሳጥን ከሆነ ጃኩ የሚያርፍበትን ውስጠኛ ቦታ እስከ ብረቱ ፋቁት፤ ቀለም ላይ ያረፈ ጃክ ግራውንድ አይሰጥም። ማብሪያው 12 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፣ የቀሩትን በያዛችሁት ዕቃ ለኩ። ቦርዱ ከሳጥኑ ጀርባ ጋር እንዳይነካካ በፕላስቲክ መቆሚያ ከፍ ይበል። አቧራ የድራይቩን ፖቴንሽዮሜትር ቶሎ ያንኮሻኩሸዋል፤ ጀርባው የተዘጋውን ዓይነት ብታገኙ ውሰዱ።

ለቅኝትና ለክራር

ሁለት ድምፅ አብሮ በዳዮድ ሲቆረጥ ድምራቸውና ልዩነታቸው አዲስ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ትዝታ ላይ አምስተኛውን ከመነሻው ጋር ብታሰሙ የሚወጣው ይስማማል። በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ግን ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች ጎን ለጎን አሉ፤ የፊተኛው ክር ሳይታፈን የኋለኛው ከተመታ ድራይቩ ከፍ ባለበት ሁሉ ይተራመሳል። ለእነዚህ ቅኝቶች 51 ኪሎ ኦሙን በ22 ኪሎ ተኩት፤ ድራይቩ ሲዘጋ ጉልበቱ ከ12 ወደ 6 ጊዜ ገደማ ይወርዳል፣ ጣት ጠንከር ሲል ብቻ የሚሻክር ድምፅም ይገኛል።

ክራር ላይ ፒዞ ለጥፎ በዚህ ፔዳል ማስገባት ለሚፈልግ፣ 27 ሚሊሜትሩ የነሐስ ዲስክ እንዳለ ይሠራል። ካፓሲታንሱ 2 ናኖፋራድ ገደማ የሆነ ትንሽ ዲስክ ግን ከ115 ኸርዝ በታች ይሳሳል፤ 1 ሜጋ ኦሙን በ4.7 ሜጋ፣ 2.2 ሜጋውን በ10 ሜጋ ስትተኩ ድንበሩ ወደ 25 ኸርዝ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው በቲኤል072 እንጂ በ4558 አይደለም። ፒዞ ሲመታ ከጊታር ፒክአፕ ብዙ እጥፍ ስለሚያመነጭ ጉልበቱንም ቀንሱ፦ 4.7 ኪሎ ኦሙ 22 ኪሎ፣ 47 ናኖፋራዱ 10 ናኖፋራድ ይሁን፤ ከፍተኛው ጉልበት 26 ጊዜ ይሆናል፣ የ720 ኸርዙም ድንበር ባለበት ይቆያል።